ፖስተሩ ስር ያለችው ገጽ

ሰኞ፣ ሐምሌ 8

ኮረሪማ ስፈለፍል ዋልኩ። ጣቴ ያቃጥላል፣ ቢሆንም ልጻፍ። ዝናብ። የከተማችን መርካቶ ጭቃ ብቻ። ገዢ የለም። ብርቄ ከጎኔ ተቀምጣ ድንብላሏን እየነፋች የሰፈሩን ሰው ሁሉ አማችልኝ። እኔም የረሳችውን ጨመርኩላት።

ጓድ ደብተር፣ ዛሬ ግን ሌላ ወሬ አለኝ። ጀማል መጣ! የልጅ ልጄ። አጋሮ እናቱ ጋ ነበር፣ ከአፈሳ ሸሽቶ። አሁን አጋሮም ጎረምሳ ይለቅሙ ጀመር፣ ለብሔራዊ ውትድርና። መያዜ ካልቀረ አያቴ፣ አኮዬ ጋ ልሁን ብሎ መጣ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ በሩን ዘጋሁ። አባቱን፣ የኔን ልጅ፣ ሚሊሺያ ብለው ከዚሁ ደጅ ነው የወሰዱት። የተመለሰው ቆቡ ነው።

ልጁ ታዲያ እርጥብ ልብሱን ሳያወልቅ ሄዶ ግድግዳዬ ጋ ተገተረ። ሰላምታ የለ፣ ቁጭ ማለት የለ። አኮ፣ ይሄን ወረቀት ከየት አመጡት ይለኛል።

ከየት አመጣዋለሁ! በሰኔ ለኢድ፣ ጭቃው እንዳይታይ ብዬ የለጠፍኩት ነው። ሰው ጋዜጣ ይለጥፋል፣ እኔ መርካቶ በኪሎ የሚሸጥ የተዘጋው የፈረንጅ ትምህርት ቤት ወረቀት አገኘሁ። ወፍራም፣ ነጭ። አምስት አምስት መስመር፣ መስመሩ ላይ ጥቁር ፍሬ ከነእንጨቱ፣ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ። አማረኝ፣ ለጠፍኩት።

ጀማል መሳቅም ማልቀስም አማረው። ኖታ ነው፣ የሙዚቃ፣ ያውም የፍሉት አለ። ፍሉት የፈረንጅ ዋሽንት ነው። አምስቱ መስመር የአንድ ሰው ድርሻ ነው አሉ። አራት ድርሻ ከላይ እስከ ታች አንድ ላይ ታስሯል፣ አራት ሰው እኩል ይነፋዋል። እንግዲህ ኢዱን ሙሉ እንግዳ ሁሉ ጀርባውን ሙዚቃ ላይ ደግፎ ነው የበላው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ሃምሳ አለቃው መጣ። (ከዛሬ ጀምሮ ሃ/አ ነው የምለው፣ እጄ ይደክማል።) የጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ ውስጥ ሲነፋ ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው። አሁን የቀበሌያችንን የኪነት ቡድን ያስተምራል፣ ጀማልንም አጋሮ ሳይሄድ በፊት ኖታ ያስቆጠረው እሱ ነው። እኔን ሳይሆን ግድግዳዬን ሰላም አለ። ጣቱን አየር ላይ እያሮጠ፣ በአፍንጫው እያዜመ፣ ከጥግ እስከ ጥግ አነበበው። እኔ ሁለት ክረምት መሠረተ ትምህርት ተመላልሼ፣ ጎበዝ ተብዬ ደብተር ተሸልሜ (አንተን ማለቴ ነው)፣ ሰውዬው ቁንዶ በርበሬ ያነባል!

ከዚያ ቁም ነገሩን አመጣው። እሑድ ሐምሌ 28 ከክፍለ ሀገር መራጮች እዚህ ቀበሌያችን አዳራሽ ይመጣሉ። ለክፍለ ሀገሩ ኪነት የተመረጠ ልጅ ለውትድርና አይጻፍም። ያልተመረጠ ወንድ በማግስቱ ስሙ ይሄዳል። ከበሮና ዘፈንማ ሁሉም ቀበሌ አለው። አራት ፍሉት በኖታ የሚነፋ ግን አንድም የለም። ብቻ መራጮቹ ወረቀቱን ፊታቸው አስቀምጠው እየተከተሉ ነው የሚሰሙት። ጎዶሎ ከሆነ አይቀበሉም።

ለጀማል ከሆነ እንኳን ወረቀቱን ጣሪያውንም ይውሰዱት አልኩ። ፍሉቱስ የት አለ? ያው የዚያው ትምህርት ቤት ዕቃ ቀበሌ መጋዘን ተቀምጧል አለኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 11

የገበያ ቀን ጥዬ ቀበሌ ሄድኩ። ዕቃዬን ብርቄ ያዘችልኝ። ሊቀመንበሩ (ሊ/መ፣ ስሙን መጻፍ አልወድም) ፍሉት የሚባል ንብረት የለንም ብሎ ድርቅ አለ። ሃ/አ ጥግ ያለውን ሳጥን አሳየው። ተከፈተ። ለካ ያ ሁሉ ፍሉት «የቧንቧ ዕቃ» ተብሎ ነው የተመዘገበው!

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የሰፈሩ ቧንቧ ደርቆ የከረመው ዕቃው እዚህ ተቀምጦ ነው እንዴ?» አልኩት።

ሰዉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ምላሴን አላህ ያሳጥርልኝ። ሳጥኑን ሃ/አ ፈርሞ ወሰደ። ስንወጣ ሊ/መ ጀማልን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ይሄ ልጅ አጋሮ አልነበረም እንዴ አለ፣ ቀስ ብሎ። እየለካው ነው የመሰለኝ።

ፍሉቶቹ፦ አንዷ ትንሽዬ፣ ጆሮ የምትበሳ። ሁለቱ መካከለኛ። አንዱ ረጅም፣ አንገቱ የታጠፈ። እሱ የጀማል ሆነ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ሆድ ውስጥ ይገባል።

እሑድ፣ ሐምሌ 14

ቤቴ የልምምድ ቤት ሆነ። ትንሿን ተስፋዬ ነው የሚነፋት፣ የጀማል እኩያ፣ እሱም ለውትድርና የደረሰ። መካከለኞቹን ሁለት እህትማማቾች ከቦሳ አዲስ ሰፈር። አራቱንም መንፋት ያስተማራቸው ሃ/አ ነው። አራቱም ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ግድግዳ ይነፋሉ። ብርቄ ገብታ አየችና፣ የሶላትሽ ቂብላ ዞረ እንዴ ዛራ? አለችኝ። አስቂኝ ናት፣ ክርስቲያን ሆና ቂብላዬን ከኔ በላይ ትጠብቃለች።

አንዱን ገጽ ለካ ዘቅዝቄ ነው የለጠፍኩት። እኔ ቁንዶ በርበሬው ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች በምን አውቃለሁ! ተስፋዬ እዚያ ሲደርስ አንገቱን ወደ ጉልበቱ አዙሮ ለመንፋት ሞከረ፣ ወድቆ ሊሞት። ስንስቅ ዋልን።

ሳቁ አልቆየም። ሃ/አ አንዱን ጥግ በጥፍሩ ገለጥ ሲያደርግ ጀርባውም ኖታ ነው። ሁሉም ሁለት ፊት አለው። የሙዚቃው እኩሌታ ጭቃ ሲያይ ነው የከረመው። መላጥ አለበት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 16፣ ማታ ከመግሪብ በኋላ

ስንልጥ ዋልን። ይሄን ለኔ ተዉት አልኩ። ሙጫውን ያፈላሁት እኔው ነኝ፣ ከፉርኖ ዱቄት። ትኩስ እንፋሎት ካገኘ ይለቃል። ከሰል አቀጣጥዬ ድስት ውሃ አፍልቼ ግድግዳው ስር ጣድኩ። እርጥብ ጨርቅ ይዤ፣ በቢላዋ ጀርባ ቀስ፣ ቀስ። አንድ በአንድ መጡልኝ፣ እንደ ሕፃን ገላ። ሃ/አ እየተቀበለ በቁጥራቸው ደረደረ። ጀርባቸው ላይ ጭቃ ነበር፣ በላባ ጠረግነው።

ከዚያ እንደገና ቆጠረ። ምነው? የመጨረሻዋ የለችም አለ።

አለች። የት እንዳለች ሁላችንም እኩል አየን። ሐምሌ ሲገባ ሊ/መ ለአብዮት በዓል በየቤቱ ፖስተር አስለጠፈ። እኔ ቤት በገዛ እጁ ነው የለጠፈው፣ መሀል ግድግዳዬ ላይ፣ ሙጫም ከኔው ድስት። ቀይ ቡጢ፣ ማጭድና መዶሻ። ከታች የቤት ቁጥሬን ጽፎ ማህተም መታበት። ከፖስተሩ ግርጌ አንዲት የወረቀት ጥግ ብቅ ብላለች። ቁጥሯ ይታያል። እሷ ናት።

ማሎ፣ ከዚህ ሁሉ ግድግዳ!

ሁሉ የተላጠ ግድግዳ ላይ ቡጢው ብቻውን ቀረ። እያየኝ ነው የምጽፈው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 19

ሊ/መ መጣ። ማን እንደነገረው እንጃ። ልጆቹ እየነፉ ነበር፣ ገብቶ ከኋላቸው ቆመ። አንዷ እህት ስታየው ፍሉቱ አፏ ላይ ደረቀ።

«አደ ዛራ፣ ግድግዳዎን ለምን ይልጡታል?»

«አይጥ ገብቶበት ነው ልጄ።»

«ፖስተሩን አይጡ አልነካውም?»

«አይጡ ፖለቲካ ያውቃል።»

ጀማል በዓይኑ ለመነኝ። እሺ ብዬ ለዘብ አልኩ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ከስሩ አንዲት ወረቀት አለችን፣ ለግማሽ ቀን አንስተን መልሰን እንለጥፈው፣ ለቀበሌው ስም ነው አልኩት። ሻይ ላፍላ አልኩት። ጓድ ደብተር፣ እኔ ዛራ እሱን ለመንኩት።

«አብዮት እየተላጠ አይለጠፍም» አለኝ።

እሑድ ሐምሌ 28 ከውድድሩ በኋላ እንግዶቹ የኛን መደዳ ቤቶች ይጎበኛሉ አለ፣ ፖስተር የተቀደደበት ቤት ካለ የማን እጅ ነው ብሎ ነው የሚጠይቀው። የማን እጅ ሲል ጀማልን አየ።

እሑድ፣ ሐምሌ 21

ተስፋዬ ቀረ። አፈሳ አለ ተብሎ እናቱ ቆልፋበት። ሦስቱ ሞከሩት። ጆሮ አለኝ መቼም፣ ሙዚቃው ባንዴ ፈረሰ። አንዷ እህት የምትጠብቀው የሱን ጥሪ ነው፣ ጥሪው ሲቀር ትጠፋለች፣ እሷ ስትጠፋ ሌላዋ ትቸኩላለች፣ የጀማል ለብቻው ሜዳ ላይ ይቀራል። ሃ/አ እጁን አወረደ። በሦስት አይሆንም፣ አንዱ ሲወጣ ቤቱ ይናዳል አለ። ሌላ ልጅ እንዳንተካ ደግሞ ጊዜ የለም።

ተስፋዬ ማምሻውን በጓሮ ዞሮ መጣ። ነፉት። ያው ቦታ ላይ ቆሙ። ሁልጊዜ እዚያው ናቸው። የጀማል ድምፅ እየወረደ እየወረደ ይሄድና፣ ትንሿ ከላይ አንዴ ትጠራዋለች፣ ከዚያ ጸጥ። የቀረው ፖስተሩ ስር ነው። እኔም ለመድኩት መሰለኝ፣ ሽንኩርት ስከትፍ እንኳን እጄ እዚያ ይቆማል። ሰው ሲጠራ አቤት ሳይባል ሲቀር ያለውን ታውቀዋለህ? እንደዚያ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 24

ሃ/አ መጨረሻውን ከራሱ ፈጥሮ ሞከረው። የወታደር ሰልፍ ሆነ! አራቱም እግራቸው መሬት ሲመታ ያዝኳቸው። ሳቅን። እሱ አልሳቀም፣ ሰው አይታለልበትም አለ።

ብርቄ ከቤቷ፣ በሚስማር የተመታውን የራሷን ፖስተር ነቅላ፣ ነጠላዋ ስር ደብቃ አመጣችልኝ። የኔን ቀድጄ ይሄን ልለጥፍ። እብድ! የቤት ቁጥርሽ ተጽፎበታል አይደል ወይ ማህተም ያለበት አልኳት። ይኸው ነው እንግዲህ አለች፣ አኩርፋ፣ እኔ ያጠፋሁ ይመስል። ወስዳ መልሳ መታችው። ገለቶሚ፣ ተባረኪ እህቴ። እየሰደብኳት ነው የሸኘኋት፣ አለዚያ ላለቅስ ነበር።

ጀማል ምግብ አይበላም። በረንዳ ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። ከጀርባ ሳየው አባቱን ነው። ወላሂ አላይም ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 27፣ ከዙህር ሶላት በኋላ

አደረግነው።

ሰዉ ሁሉ ለነገው እንግዳ መንገድ ጠረጋ ወጥቶ ነበር። እኔ ጉልበቴን ታምሜያለሁ አልኩ፣ ውሸትም አይደል። ሃ/አና ጀማል በጓሮ ገቡ። ድስቱን ጣድኩ። አስቤው የነበረው ፖስተሩን ሙሉውን ላነሳ፣ ወረቀቷን ላወጣ፣ መልሼ ልለጥፍ ነው። የኔ እጅ አይስትም ብዬ። የትምህርት ቤቱን ወረቀት ስልጥ አንድም አልቀደድኩ።

የፖስተር ወረቀት ግን ወረቀት አይደለም ለካ፣ የሽንኩርት ልጣጭ ነው። ከላይ በደንብ መጣልኝ፣ ቡጢው ወጣ፣ ክንዱ ወጣ። መሀሉ ጋ ስደርስ በጣቴ መሀል ቅድድ። ማጭዱ ወደዚህ፣ መዶሻው ወደዚያ። ድምፁን አሁንም እሰማዋለሁ።

ገጿ ደህና ናት። አልሀምዱሊላህ። ቀለሙ ትንሽ ፈሶባት ቀላ ብላለች፣ ሌላ ምንም። ሃ/አ አነበባት። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ መሀረቡን አወጣና አፍንጫውን ጠረገ። እንዴት ነው የሚያልቀው አልኩት። እዚህ አናሰማም፣ ጆሮ አለ አለኝ። ሸሚዙ ስር ከቷት ልጆቹን ሊያስጠና ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ያለው ቤቱ ወሰዳት።

ፖስተሩን ገጣጥሜ ለጠፍኩ። ቁስሉ መሀል ለመሀል ይታያል። ዕውር ያየዋል።

ጀማል ዝናብ ነው እንበል አለ። አፌን ሳልከፍት ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ አንድ ሚስማር ነቀለ። ዝናቡም ሲጠብቅ ኖሮ ቁልቁል ለቀቀው። በግድግዳው ፈሰሰ፣ የለጠፍኩትን መልሶ አወረደው። በቃ አኮ፣ ጣሪያው አፈሰሰ ይበሉ፣ ማን ያውቃል ብሎ ሳመኝና ወደ ሃ/አ ቤት ሊሮጥ ተነሳ።

ዝም ብዬ ሳስብ ግን። ሊ/መ ቀና ብሎ ያያል። የተነቀለውን ሚስማር ያያል። ማን ወጣ ይላል። እኔ አልጋ ላይ ለመውጣት እንኳን ቢስሚላህ ሦስቴ የምል ሴትዮ! በዚህ ቤት ጣሪያ የሚወጣ ማን አለ? የማን እጅ ነው ይላል።

ልጄን ከበር መለስኩት። ውጣና ሚስማሩን መልሰህ ምታ አልኩ። ለምን አለ። ምታ አልኩህ። መታው። ነገ እላለሁ ያልኩትን አልነገርኩትም። ዝናብ ነው እላለሁ ብዬ ሸኘሁት።

እሑድ፣ ሐምሌ 28፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ግድግዳዬ ራቁቱን ነው። ጭቃ። ለአረፋ ምን እለጥፍበት ይሆን፣ እዚህ ካለሁ።

ፖስተሩን ምድጃው አጠገብ አድርቄዋለሁ፣ ሁለት ቁራጭ። ማህተሙ ደህና ነው።

አዳራሹ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው፣ በሬን ከከፈትኩ ይሰማኛል። እስካሁን የሌላ ቀበሌ ከበሮ ነው። ሲደልቁ ሲደልቁ። ብርቄ ገብታ ለማየት ሄዳለች። ነይ እንሂድ አለችኝ፣ ጉልበቴ አልኳት። እያየችኝ ወጣች። አላመነችኝም፣ ግን አልጠየቀችም።

ሌሊቱን ያሰብኩትን ልጻፍልህ፣ ጓድ ደብተር። ሊ/መ እዚህ መጥቶ እስኪያገኘው አልጠብቅም። ቤቴ ገብቶ ካገኘው ከጀማል ጋር ነው የሚያገኘው። እኔው ተሸክሜው እሄዳለሁ። አዳራሽ፣ እንግዶቹ ፊት። ይኸው ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ እጅ ነው እላለሁ። ጣቴን እዩት፣ እንፋሎት አቃጥሎታል። ወረቀቷን ፈልጌ ነው፣ ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልነካውም እላለሁ። አንዲት ቃል ቀልድ አልጨምርም። (ይሄኛው ይከብደኛል።)

ጀማልንስ በኔ ሰበብ ቢያስቀረው? አሰብኩበት። ልምምድ ከጀመሩ ወዲህ የነፉት ሁሉ በጆሮዬ አለ። ተስፋዬ የቀረ ጊዜ ምን እንደሆነ ሰምቻለሁ። እንግዶቹ ከወደዱት አራቱን ነው የሚወስዱት። አንዱን አስቀርተው ሦስት ቢወስዱ የሚናድ ቤት ነው የሚወስዱት። ሃ/አም ፊታቸው ይሄንኑ ይላቸዋል፣ ዛሬ ጠዋት በደጄ ሲያልፍ አስምዬዋለሁ። ሊ/መ ከአራቱ አንዱን መንቀል አይችልም፣ የራሱ ቀበሌ ስም ይፈርሳል። እኔን ግን ይችላል። እኔ ከአራቱ ድርሻ ውስጥ የለሁበትም።

ከበሮው ቆመ።

ጸጥ አለ።

እነሱ ናቸው። ትንሿ ቀደመች፣ ተስፋዬ፣ ከፍ አድርጎ፣ ፈርቷል። ቀስ ልጄ። እህትማማቾቹ ገቡ። አሁን የኔው። ታች። ያ ድምፅ።

ፖስተሩን አጥፌ ብብቴ ስር አድርጌዋለሁ፣ በግራ እጄ። በቀኜ ነው የምጽፈው። የወፍጮው ሰውዬ ሞተሩን አጠፋ፣ አላህ ይስጠው።

ያቺ የተዘቀዘቀችው ገጽ ላይ ናቸው። አለፏት።

እየወረደ ነው። ጀማል እየወረደ ነው። ያ ቦታ እየመጣ ነው፣ እጄ ሊቆም ነው። ትንሿ ጠራችው።

መለሰላት።

አላቆሙም። ያ ረቢ፣ አላቆሙም፣ እየሄዱ ነው፣ አራቱም። እንዲህ ነበር ለካ የሚያልቀው። ሳያልቅ ልድረስ። ሻሼን የት ነው ያደረግኩ